አንድ በር ስንት ነው?

ሻርጃ፣ ሮላ ሠፈር፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣
አልጋ ነው የኔ ቤት፤ ከታች ነኝ፣ መኪያ ከላይ።
መጋረጃው ሰማያዊ፣ ከሁለት ድርሃም ሱቅ የተገዛ፣
ስምንት ሴት እንተኛለን፣ በአንድ ኤሲ ታዛ።

ባሌ አጅማን ነው፤ መጋዘን ይጠብቃል፤
የአሥራ አንድ ወንድ ማንኮራፋት፣ በየድምፁ ያውቃል።
በአውቶብስ ግማሽ ሰዓት ነው። ባልና ሚስት ነን።
አንድ በር ሳንዘጋ አራት ዓመት ሆነን።
ለጥንዶች የሚሆን ክፍል፣ ሁለት ሺህ ነው ከነውኃው፤
የሁለታችን ደመወዝ ተጋብቶም አይሞላው።

አርብ አርብ ኻሊድ ሐይቅ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን፣
እኔ ደብተር፣ እሱ ስልክ፣ አገር እንመርጣለን።
ኪራይ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቪዛና መብራት፤
የዕቁብ ደብተር ነበረች፣ የዓለም ካርታ አደረግናት።

«ጆርጂያ» አለ ሰጠኝ፣ «ኪራዩ ርካሽ ነው፤
ዳቦውም ረጅም ነው፣ ጀልባ ነው የሚመስለው።»
«ብርዱስ?» አልኩት።
                     «ብርዱ ነጻ ነው፤ አይከፈልበትም።»
ሳቅን። ካፖርት ስንደምርበት ግን ርካሽ አልሆነልንም።

ማሌዥያን ሰረዝኩ፤ የመኪያ ወንድም ሄዶ፣
የደላላ ዕዳውን ይገፋል፣ እስከ ዛሬ ተዋርዶ።
ኪጋሊ ቅርብ ናት፣ ንጹሕ ናት ይላሉ፤
«ምን ሠርተን?» ስንል ግን፣ የሚሉት ዝም አሉ።
ቱርክን እኔ አነሣሁ። ሰጠኝ በአመልካች ጣቱ
ሊራውን አሳየኝ፣ ሲወርድ ከሰገነቱ፦
«አገር የሚረክሰው፣ ይዞ ለሚመጣ ነው፤
እዚያው ለሚለቅም ግን፣ ርካሽ የሚሉት ምንድነው?»

አገር ቤትንም ጻፍኩ፣ ለወጉ ያህል ብዬ፤
የደሴን ኪራይ ጠየቅሁ፣ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ።
ዜሮ የተሳሳተች መስሎኝ፣ «ድገሚው» አልኳት።
ደገመችው።
ገጹን አልቀደድኩትም። አጠፍኩት።

ከዚያ አንድ የዑማን ሾፌር፣ ሙዝ ሊያራግፍ መጥቶ፣
ለሰጠኝ ስለ ሳላላ አወራው፣ ሻዩን ፉት ብሎ ትቶ።
ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን፣ ካፊያ ነው አለ፤
ጋራው ሣር ይለብሳል፤ ከብቱ ጉም ውስጥ ሲግጥ ዋለ።
እዚሁ፣ አረብ አገር!
እኔ ዘጠኝ ሐምሌ በኤሲ ነው ያሳለፍኩት፤
ዝናብ ማለት ከላይ ፎቅ የሚንጠባጠብ ውኃ ነው፣ በአናቴ የተቀበልኩት።
ሽንኩርቱን ሳልጠይቅ፣ ስሙን በትልቁ ጻፍኩ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዋጋው በፊት አገሩን ወደድኩ።

ሰጠኝ ግን ሰጠኝ ነው፤ ስልኩ ላይ ደመረ፤
«ዘጠና ሪያል ክፍሉ…» አለና ጀመረ፣
«አዲስ ኮንትራት፣ አዲስ ከፊል፣ የመውጫ፣ የመግቢያ፤
ሥራውን ማን ይሰጠናል? የት ነው መጀመሪያ?
ይሄማ ጉም መዝገን ነው» አለኝ እየሳቀ።
«ልዝገነው» አልኩት።
                     ዝም አለ። ፀሐዩ ጠለቀ።

በሳምንቱ አረፈደ፤ በላብ ርሶ መጣ፤
ከጥቁር ፌስታል ውስጥ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣውን አወጣ፦
ጓጉንቸር፣ የናስ፣ ከሁለት ቁልፍ ጋራ፣
ተከራክሮ የገዛው፣ አጅማን ብረታ ብረት ተራ።
«በሩስ?» አልኩት።
«በሩ ይደረስበታል፤ ቁልፉ ርካሽ ነበር» አለኝ።
አንዱን በኪሱ ከተተ፣ አንዱን መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ጓጉንቸሩን አውጥቼ
መጋረጃው ቀለበት ላይ ቆለፍኩት፣ በቀስታ ተነሥቼ።
መኪያ ከላይ ተገላበጠች፦
«ምንድነው ቀጭ ያለው?»
«በር ነው» አልኳት።
«እንግዲያው ዝጊውና ተኚ» አለችኝ፣
«አውቶብሱ በሌሊት ነው።»